ክላርኔት እንጀራ ይሆናል ወይ ላለኝ ጎረቤቴ

ጤና ይስጥልኝ የጋዜጣው አዘጋጆች፣ ደብዳቤውን በስልኬ ነው የምጽፈው፣ ረዘም ቢልባችሁም እባካችሁ መሀሉን አትቁረጡብኝ።

ባለፈው ሰሞን ልጆች ምን ቢማሩ ስራ ያገኛሉ የሚል ጽሑፍ አውጥታችሁ ነበር። ያሳየኝ ጎረቤቴ ነው። እዚህ ደሴ አራዳ ላይ ጨርቅ ይነግዳል፣ አንድ ማታ ሱቁን ዘግቶ በዛው ቤቴ መጣና ጋዜጣውን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፣ "ጋሼ፣ ሁለቴ አነበብኩት፣ የእርስዎ ስራ እዚህ ውስጥ የለም" አለኝ። ሊያስቀይመኝ ብሎ አይደለም፣ ተጨንቆ ነው። ልጁ 15 ዓመቷ ነው፣ ካምና ጥቅምት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ጋ ክላርኔት የሚባለውን የትንፋሽ መሣሪያ ትማራለች፣ እሱ እስካሁን እንደ ጊዜ ማሳለፊያ ነበር የሚያየው፣ አሁን ግን ልጅቱ አስራ ሁለተኛን ስጨርስ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው የምገባው ብላ ቤቱን አስጨንቃዋለች። "እንጀራ ይሆናታል ወይ? እውነቱን ይንገሩኝ" አለኝ። እኔ 30 ዓመት በዚሁ መሣሪያ እንጀራ የበላሁ ሰውዬ የዛን ቀን አፌ ተሳሰረ፣ አብሽር ብቻ ብዬ ሻይ አጠጥቼ ሸኘሁት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አባት ሱቁን ዘግቶ ለጠየቀው ጥያቄ አብሽር መልስ አይሆንም፣ ስለዚህ መልሱን እሱ በሚያነበው ጋዜጣ ላይ ልጻፍለት ብዬ ነው።

ጥያቄውን ለምን እንደፈራሁት መጀመሪያ ልንገራችሁ። እንጀራ የሚለው ቃል ለኔ ከባድ ነው። ያደግሁት ሸዋ በር አካባቢ ነው፣ ክላርኔት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በቀበሌ ኪነት ዘመን ከአዲስ አበባ የመጣ የጦር ሰራዊት ባንድ ሜዳ ላይ ሲጫወት ነው፣ ሰው ሁሉ ከበሮውንና ትራምፔቱን ያያል እኔ ግን ዳር ላይ ጥቁር እንጨት ይዞ የቆመውን ሰውዬ ጣቶቹን ሳይ ዋልኩ። በ1977 ለባንድ ልጅ ሲመለምሉ 18 ዓመቴ ነበር። 77 ላይ ወሎ ምን እንደሆነች ያየ ያውቀዋል። እኛ ቤት በቀን አንዴ ነበር የሚቀመሰው፣ እናቴ በር ላይ ቆማ "ሂድ ልጄ፣ እንጀራ ካለበት ሂድ" ብላ ነው የላከችኝ፣ ሙዚቃ ልማር መሆኔን እንኳን በደንብ አልገባትም። የመጀመሪያ ደሞዜን ግማሹን በሰው ላኩላት። ስለዚህ ጎረቤቴ እንጀራ ሲለኝ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነው የታየችኝ።

መልሱ አዎ ነው፣ ይሆናል። በሌላው ዓለም የኦርኬስትራ ክላርኔት ተጫዋች ማለት ቋሚ ወንበር፣ ደሞዝ፣ የዓመት ፈቃድና ጡረታ ያለው ሰራተኛ ማለት ነው። ስታንሊ ድራከር የሚባል ሰው ነበር፣ ኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክ እ.ኤ.አ በ1948 ሲገባ 19 ዓመቱ ነው፣ በ1960 የክላርኔቶቹ አለቃ ሆነ፣ ከኦርኬስትራው የወጣው በ2009 ነው፣ 80 ዓመት ሞልቶት ማለት ነው። በዚህ ሙያ ረጅም ዘመን በመቆየት ስሙ ጊነስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ከ60 ዓመት በላይ አንድ ቦታ አንድ መሣሪያ። አራዳ ላይ 60 ዓመት ሳይዘጋ የቆየ ሱቅ ስንት አለ ብዬ ጎረቤቴን እጠይቀዋለሁ።

የኛም ሀገር ሰው አለ። ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ያሰማን ጌታቸው መኩሪያ ክላርኔትም ይጫወት ነበር፣ እ.ኤ.አ በ1949 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ጀምሮ ከዛ በቀድሞው ኃይለሥላሴ ቴአትር ቤት፣ ከዛ በፖሊስ ኦርኬስትራ ተቀጥሮ የሰራ ሰው ነው፣ በ2016 እስኪሞት ድረስ ሙያው ይሄ ነው። ከሱም በፊት ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆች፣ ወላጅ የሌላቸው ልጆች ናቸው እኮ፣ ኬቮርክ ናልባንዲያን እየመራቸው በትንፋሽ መሣሪያ ነው እዚህ ሀገር እንጀራ የበሉት። የመንግስት ባንድ ደሞዝተኛ መሆን እኛ ጋ መቶ ዓመት ሆኖታል ማለት ነው፣ አዲስ ነገር አይደለም።

አሁን ስራው ራሱ ምን እንደሆነ። ባንድ ቤት ስገባ ክላርኔቱን ወዲያው አልሰጡኝም። ሶስት ወር ሙሉ ማውዝፒሱን፣ አፍ ውስጥ የሚገባውን ጫፍ ማለት ነው፣ እና ከስሩ ያለችውን አጭሯን በርሜል ብቻ ይዤ አንድ ድምጽ ስነፋ ነው የከረምኩት። አስተማሪያችን አምሳ አለቃ ነበሩ፣ ጓድ አምሳ አለቃ ነበር የምንላቸው፣ ሰዓታቸውን ይዘው ከፊታችን ይቆማሉ፣ ድምጹ ከተንቀጠቀጠ እንደገና ከመጀመሪያው። ጉንጭ መንፋት ክልክል ነው፣ የታችኛው ከንፈር ወደ ጥርሱ ትንሽ ይታጠፋል፣ የላይኛው ጥርስ ማውዝፒሱ ላይ ያርፋል፣ የአፉ ዳርና ዳር ጥብቅ ይላል፣ አየሩ ከሆድ ነው የሚመጣው። ይሄ አያያዝ አምባሹር ይባላል፣ የክላርኔት ሰው ሀብቱ እሱ ነው፣ ለአስር ዓመት ገንብተኸው ሁለት ወር ብትተወው ይላላል።

ብዙ ሰው ለምን ሳክስፎን አታስተምራትም ሰርግ ላይ ገንዘብ አለው ይለኛል። ሳክስፎን ላይ አንዱን ቁልፍ ስትጫን ያው ኖታ አንድ ኦክታቭ፣ ማለት ከዶ እስከ ላይኛው ዶ፣ ነው የሚወጣው፣ ጣትህ ታችም ላይም አንድ ነው። ክላርኔት ግን ከኦክታቭ አልፎ አስራ ሁለተኛው ድምጽ ላይ ነው የሚዘለው፣ ታች ዶ የነበረው ጣት ላይ ሶል ይሆናል፣ ስለዚህ ሁለት የተለያየ አጣጣል በጣትህ መያዝ አለብህ፣ መሀል ላይ ደሞ ብሬክ የምንላት ቦታ አለች፣ ከጥቂት ጣት ወደ ዘጠኝ ጣት አንድ ላይ የሚዘጋበት፣ አንዷ ቀዳዳ ፀጉር ታህል ክፍት ከሆነች ይጮህብሃል። ጎረቤቴ ግድግዳው ላይ የሚሰማው ጩኸት እሱ ነው፣ ልጅቱ እዛች ቦታ ላይ ስድስት ወር ታግላለች፣ አሁን እያለፈችው ነው። ክላርኔት በደንብ የያዘ ልጅ ነገ ሳክስፎን ቢሰጡት አይቸገርም፣ የሳክስፎን ልጅ ግን ወደ ክላርኔት ሲመጣ ብዙ ይቸገራል፣ በአይኔ ነው ያየሁት።

ደሞ የኦርኬስትራ ሰው አንድ ክላርኔት ብቻ አይደለም የሚይዘው፣ ሁለት ነው፣ አንዱ ቢ ፍላት አንዱ ኤ፣ መሀላቸው ግማሽ ድምጽ ነው ልዩነቱ፣ ሙዚቃው ሻርፕ፣ ግማሽ ድምጽ ከፍ ያለ ኖታ ማለት ነው፣ ሲበዛበት ኤ ይሻላል፣ ፍላት፣ ግማሽ ድምጽ ዝቅ ያለው፣ ሲበዛበት ቢ ፍላት፣ አቀናባሪው ራሱ ነው የሚያዘው። አንዳንዴ ሙዚቃው መሀል ላይ ጥቂት ሰከንድ ይሰጥሃል፣ ማውዝፒሱን ከነሪዱ፣ ድምጽ ከምትፈጥረው ስስ ቅጠል ጋር፣ ነቅለህ ሌላው ላይ ትተክላለህ፣ ሌላው ደሞ ተቀምጦ ስለቀዘቀዘ ድምጹ ዝቅ ብሎ ይጠብቅሃል፣ እሱን በከንፈርህ እያነሳህ ነው የምትገባው። ሞዛርት ለጓደኛው ለአንቶን ሽታድለር የጻፈው የክላርኔት ኮንቸርቶ የኤ ክላርኔት ነው፣ እ.ኤ.አ በ1791 ጨረሰው፣ በዛው ዓመት ታህሳስ ሞተ። ዛሬም በብዙ ኦርኬስትራ ወንበር ለማግኘት ስትፈተን ከሚያጫውቱህ አንዱ እሱ ነው።

እኔ አንደኛ ክላርኔት ሆኜ አላውቅም፣ ዘመኔን ሁሉ ሁለተኛ ነኝ። ሁለተኛ ማለት አንደኛው የሚያዜመውን ከስር የምትይዝ፣ ድምጹ እንዳይወድቅበት የምትጠብቀው፣ አንደኛው ትንሽ ከፍ ካለ አብረህ ከፍ የምትል ማለት ነው፣ አዳራሹ ውስጥ ማንም አይሰማህም፣ ከሌለህ ግን አንደኛው ራቁቱን ይቀራል። ግማሹ ስራ መቁጠር ነው። 60 ባር፣ ባር ማለት ሙዚቃው በምት የሚከፈልበት ነው፣ ዝም ትላለህ፣ እየቆጠርክ፣ እየተነፈስክ፣ ሪዱን በምላስህ እያረጠብክ፣ ከዛ 61ኛው ላይ አንዲት ረጅም ኖታ በጣም በቀስታ ታስገባለህ። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ የሙዚቃ አስተማሪዎችና የውጭ ሀገር ሰዎች ተሰባስበው የሹበርትን ያላለቀውን ሲምፎኒ ስንሰራ እኔም ተጠራሁ፣ ሹበርት እ.ኤ.አ በ1822 ጀምሮ ሁለት ክፍል ብቻ ጨርሶ የተወው፣ ከሞተ 37 ዓመት በኋላ በ1865 ነው ሰው ጆሮ የደረሰው። መጀመሪያው ላይ ቫዮሊኖቹ ከስር እየተርገበገቡ ኦቦና ክላርኔት አንድ ዜማ አንድ ላይ ይይዛሉ፣ ሁለት መሣሪያ ነው ግን የማን ድምጽ እንደሆነ መለየት አትችልም። ሁለተኛው ክፍል ላይ ደሞ ክላርኔቱ ብቻውን ይወጣል፣ ረጅም፣ እርጋታ ያለው፣ ከዛ ኦቦው ይቀበለዋል። አጠገቤ ያለው አንደኛ ክላርኔት ያንን ሲጫወት ትንፋሹን እሰማው ነበር፣ ጉልበቴ ላይ ያለውን መሣሪያዬን ጨብጬ እኔ አብሬው ነበር የምተነፍሰው። ከዛ ምሽት የበለጠ ቀን በስራ ዘመኔ አላስታውስም።

የከፋውንም ልንገርህ ጎረቤቴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ ብለሃልና። 1983 ላይ ሰራዊቱ ሲበተን እኛም ተበተንን። መሣሪያውን አስረክቤ በለበስኩት ልብስ ነው ደሴ የገባሁት። ሁለት ዓመት ኮምቦልቻ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ስቆጥር ከረምኩ፣ ክላርኔት በእጄ አልነበረም፣ ማታ ማታ ጣቶቼን እርሳስ ላይ እያንቀሳቀስኩ ስኬል እሰራ ነበር። በ1985 አዲስ አበባ አንድ ቴአትር ቤት ሰው ፈልጎ ጠራኝ፣ ስነፋ ከንፈሬ አስር ደቂቃ አልቆመም፣ አራት ወር ፈጀብኝ ወደ ነበርኩበት ለመመለስ። እዛ 24 ዓመት ሰራሁ፣ እናቴ ስትታመም በ2009 መጣሁ። ቀኝ አውራ ጣቴ እስካሁን ያመኛል፣ መሣሪያው ወደ 800 ግራም ነው፣ ሙሉ ክብደቱን የምትሸከመው እሷ ናት፣ ጆሮዬም ከኋላዬ ትራምፔት ሲነፋ ስለኖረ በግራ በኩል ቀንሷል። ወንበሩም ጥቂት ነው፣ 80 እና 100 ሰው ያለበት ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ውስጥ ክላርኔት ሶስት ወይ አራት ሰው ነው፣ ያውም እንደዛ ያለ ኦርኬስትራ እኛ ሀገር በየከተማው የለም። ስለዚህ ልጅህ በወንበር ብቻ አትኖርም፣ ታስተምራለች፣ ባንድ ትሰራለች፣ ስቱዲዮ ትገባለች፣ ቴአትር ቤት ትጫወታለች፣ እኔም የኖርኩት እንደዛ እያጣመርኩ ነው። አንተስ ጨርቅ ብቻ ሸጠህ ነው የምትኖረው? ክር፣ ቁልፍ፣ ገበር ሁሉ አለህ።

ሰው የማያውቀው ትልቁ ወጪ ሪድ ነው። ማውዝፒሱ ላይ የምትታሰረው ስስ ቅጠል ማለት ናት፣ ድምጹን የምትፈጥረው እሷ ናት፣ ከሸምበቆ ነው የምትሰራው፣ ጥሩው ከደቡብ ፈረንሳይ ይመጣል፣ አንድ ፓኮ ውስጥ አስር ካለ ለመድረክ የሚሆን ሁለት ወይ ሶስት ብታገኝ እድለኛ ነህ፣ እሱም ጥቂት ሳምንት ነው። ደሴ ላይ የሚሸጥበት ሱቅ አላገኘሁም፣ ከአዲስ አበባ በሰው ነው የማስመጣው። ሪድ ደሞ እንደ ሰው አየር ይለያል። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ነች፣ አየሩ ስስ ነው፣ እዚህ ሪዱ እምቢ ይላል ይደርቃል ይጠነክራል፣ ያንኑ ሪድ ይዘህ ሐረጎን ወርደህ ኮምቦልቻ ስትገባ፣ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው እኮ ግን ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳለህ፣ ወዲያው ለስለስ ብሎ ይከፈታል። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር፣ ኮምቦልቻ የምትኖር እህቴ ጋ ስሄድ ብቻ ጥሩ ተጫዋች የምሆን ይመስለኝ ነበር። አሁን ለደሴ አንድ ቁጥር ለስለስ ያለ ነው የምጠቀመው። ክረምት ላይ ጦሳ ተራራ በጉም ሲሸፈን ጠዋት ክላርኔቱን አውጥተህ ወዲያው ብትነፋበት ሞቃት ትንፋሽ ቀዝቃዛ እንጨት ውስጥ ሲገባ ይሰነጥቀዋል፣ ስለዚህ ልጅቱ መጀመሪያ ብብቷ ስር አድርጋ አስር ደቂቃ ታሞቀዋለች።

አንድ የሞከርኩት ነገር አለ፣ ለሙያ ጓደኞቼ ይጠቅም ይሆናል። ሸምበቆ እኛም አለን፣ የቦርከና ዳር ላይ አለ፣ እረኛው ዋሽንት የሚቆርጥበት ሸምበቆ ነው። ቆርጬ ጣሪያ ስር ሁለት ዓመት አደረቅሁት፣ አረንጓዴነቱ ጠፍቶ ወርቅ እስኪመስል፣ ከዛ በምላጭና በብርጭቆ ወረቀት ጫፉን አሳስቼ ሪድ ሰራሁ። መድረክ ላይ አልወጣበትም፣ ድምጹ ትንሽ ይሻክራል፣ ለልምምድ ግን ይሆናል፣ ልጅቱ የመጀመሪያዎቹን ሶስት ወር የተማረችው በቦርከና ሸምበቆ ነው። እንጨቱም ቢሆን የአፍሪካ ነው፣ ያ ጥቁሩ ጠንካራው እንጨት ውሃ ላይ ብትጥለው የሚሰጥም ነው፣ በብዛት ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ ነው የሚሄደው፣ አውሮፓ ሄዶ ቁልፍ ተገጥሞለት ነው ተመልሶ ለኛ የሚሸጠው።

ሴት ልጅ ናት የሚለውም ነገር አለ። አባቷ ይሄን አላለኝም፣ እግዜር ይስጠው፣ ሰፈሩ ግን ብሏል፣ እናቷ ነች በለሆሳስ የነገረችኝ። እ.ኤ.አ በ1982 የበርሊን ፊልሃርሞኒክ መሪ ሄርበርት ፎን ካራያን ሳቢነ ማየር የምትባል ወጣት ክላርኔቲስት ኦርኬስትራው ውስጥ ሊያስገባ ፈለገ፣ በዛ ኦርኬስትራ አዲስ ሰው የሚጸድቀው በአባላቱ ድምጽ ነው፣ 73 ተቃወሟት 4 ደገፏት። ድምጿ ከኛ ጋር አይዋሃድም ነው ያሉት፣ ሴት ስለሆነች ነው ያለም ብዙ ነው፣ ኦርኬስትራው የመጀመሪያዋን ሴት የቀጠረው በዛው ዓመት ነበርና። በ1983 ጥላ ወጣች፣ ከዛ በዓለም ላይ በብቸኛ ክላርኔት ከታወቁት አንዷ ሆና ነው የቀጠለችው። ዛሬ ብዙ ኦርኬስትራ ፈተናውን ከመጋረጃ ጀርባ ነው የሚያደርገው፣ ተረከዝ ያለው ጫማ ድምጽ ሰምተው ሴት ናት እንዳይሉ ወለሉ ላይ ምንጣፍ የሚያነጥፉም አሉ። መጋረጃው ጀርባ የሚሰማው ትንፋሽና ጣት ብቻ ነው። የልጅህን ደሞ እኔ ሰምቻለሁ፣ ኖታ ሳልሰጣት ኖታው መጨረሻ ላይ ትንፋሿን መች እንደምትቆጥብ ታውቃለች፣ ይሄንን እኔ ሶስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

እና እንጀራው ምን ላይ ነው የሚቋረጠው ካላችሁኝ እዚሁ ደሴ ላይ ነው፣ መሰላሉ የመጀመሪያው እርከን የለውም። ያሬድ ልጆቹን የሚቀበለው በፈተና ነው፣ የአዲስ አበባ ልጅ ከትንሽነቱ አስተማሪ አለው መሣሪያ አለው፣ የደሴና የኮምቦልቻ ልጅ ክላርኔት በአይኑ ሳያይ ነው 18 ዓመት የሚሞላው። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ፣ ምክንያቱም እኛ እኮ ወሎ ነን። ከአራቱ ቅኝት ሁለቱ ስማቸው ከኛ ሰፈር ነው፣ ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ታች ያለችው የሰኞ ገበያዋ ከተማ ናት፣ አምባሰል ደሞ ከሐይቅ በላይ ያለው ተራራማው ሀገር ነው። የወሎ ላሊበላ ኪነት ከዚህ ከተማ ነው የወጣው፣ ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስታንጎራጉር ያልሰማ የለም። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው፣ ያቺ ከዶ ግማሽ ድምጽ ብቻ የምትርቀው ሬ ፍላት ናት ሆድ የምታባባው፣ ክላርኔት ታችኛው ድምጹ ላይ ያቺን ኖታ በከንፈር ገፋ አድርጎ ሲያስገባት እንደ ሰው ነው የሚያለቅሰው። ልጅቱ አምባሰልን በጆሮዋ ይዛ ነው የመጣችው፣ አያቷ ስታንጎራጉር እየሰማች ነው ያደገችው፣ እኔ ያሳየኋት ጣቱን ብቻ ነው።

በዚሁ ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት መጋዘን ውስጥ የትንፋሽ መሣሪያዎች ተቀምጠዋል፣ ስሙን አልጠራም፣ የሚመለከተው ራሱን ያውቃል። በ2014 በጦርነቱ ጊዜ ደሴ ላይ ስንቱ ነገር ተዘርፎ ተሰባብሮ እነሱ ተርፈዋል። ገብቼ አይቻቸዋለሁ፣ ሶስት ክላርኔት፣ ሁለት ትራምፔት፣ አንድ ቱባ። ክላርኔቶቹ ፓዳቸው፣ ቀዳዳውን የሚደፍነው ለስላሳው ክዳን፣ ደርቆ ተላልጧል፣ የአንዱ ሁለት ስፕሪንግ ተሰብሯል፣ እንጨቱ ግን ደህና ነው፣ አንዱም አልተሰነጠቀም። እኔ በነጻ እጠግናቸዋለሁ፣ ፓዱን ራሴ እገዛለሁ፣ አስፈርሙኝና ልጆች ይማሩባቸው ብዬ አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ፣ ቆጠራ ላይ ነው ይሉኛል፣ አንዱ ኃላፊ ይቀየራል ሌላው ይመጣል፣ ቆጠራው አያልቅም። ሌላ ክረምት እዛ እርጥበት ውስጥ ካለፉ እንጨቱም ይሄዳል። እኔ ሶስት ክላርኔት ቢሰጡኝ ስድስት ልጅ እየተፈራረቀ ይማርበታል፣ እዚህ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ከባንድ ተሰናብተው ቁጭ ያሉ የትራምፔትና የትሮምቦን ሰዎች አውቃለሁ፣ ሁለቱን ጠይቄያቸው እሺ ብለዋል፣ ክፍያም አልጠየቁም፣ የሚፈልጉት መሣሪያና አንድ ክፍል ነው፣ ዝናብ የማይገባበት። ከዛ ሁለት ዓመት ስጡን፣ በአደባባይ ቀን ከሌላ ከተማ ባንድ ማስመጣት ይቀራል፣ ከዛ ውስጥ ደሞ ሶስትና አራቱ ያሬድ ፈተና ላይ ይቀመጣሉ። ጽሑፋችሁ ላይ ሙያ ያላችሁት ሁሉ መነሻው እንደዚህ አይደል፣ ክፍል፣ መሣሪያና የሚያሳይ ሰው።

አንባቢዎችም ቤታችሁ የአባት ወይ የአጎት ክላርኔት ሳጥን ውስጥ ካለ አትጣሉት ለጌጥም ግድግዳ ላይ አትስቀሉት፣ ለጋዜጣው ንገሩልኝ፣ ለመስጠት ባትፈልጉ እንኳን ጠግኜ እመልስላችኋለሁ። ቁጥር ሁለትና ሁለት ተኩል ሪድ የተረፈው ሰው ካለም እንዲሁ።

ጎረቤቴ፣ ይሄን ካወጡት ሱቅህ ውስጥ ቁጭ ብለህ እንደምታነበው አውቃለሁ። ልጅህ አራት ዓመት ትማራለች፣ አንድ ዋና መሣሪያና አንድ የሀገር ባህል መሣሪያ ይዛ ትወጣለች፣ ከዛ በኋላ አንዳንዱ ወር ይሞላል አንዳንዱ ይጎድላል፣ እንደ ሱቅህ። ትምህርቷንም አታስቆምም፣ ሂሳብ ላይ ደህና ናት፣ እኔም ሂሳብ ያልሰራች ቀን ክላርኔቱን አልሰጣትም። የመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ ሶስት ሰዓት ላይ አንተም ና፣ ሱቁን ለአንድ ሰዓት ወንድምህ ይያዝልህ። የሹበርቱን ሁለተኛ ክፍል ለሁለት ክላርኔት ጽፌዋለሁ፣ አንደኛውን እሷ ናት የምትጫወተው፣ እኔ ሁለተኛውን እይዝላታለሁ።

አንድ የቀድሞ ክላርኔት ተጫዋች
ከደሴ